ኋላው ባዶ ነበር

መተማ ዮሐንስ ውስጥ፣ ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እኔና ውባንች አንድ በረንዳ እንካፈላለን። እኔ በአንዱ ጥግ ልብስ እሰፋለሁ፤ እሷ በሌላው ጥግ ሻይ ትሸጣለች። እሷ የስፌት መኪናዬን ጩኸት አትወደውም፤ እኔም የከሰሏን ጭስ አልወደውም፤ እንዲሁ ስንነታረክ አረጀን። መለሰ እባላለሁ። ስሜን ያነሳሁት ነገሩን በዓይኔ ያየሁት እኔ መሆኔ እንዲታወቅ ነው እንጂ ታሪኩ የእሷ ነው።

ሻዩ ለእንጀራ ነው። ሰው ውባንችን የሚያውቃት በሙሾዋ ነው። ለቅሶ ሲኖር ከገንዳ ውሃ ድረስ ባጃጅ ይላክላታል። ነገር ግን አስቸጋሪ ናት። ሌሎቹ አውራጆች የሟቹን ስም ከሰሙ ይበቃቸዋል፤ ጀግና ነበር፣ ቸር ነበር እያሉ ያወርዱታል። እሷ መጀመሪያ ትጠይቃለች። ምን ይወድ ነበር፣ ማንን አስቀየመ፣ እንዴት ሞተ፣ አጠገቡ ማን ነበር? የሰማችውን ደግሞ ከሌላ ሰው ታጣራለች። አንድ ጊዜ ሚስቱን ሲደበድብ የኖረ ነጋዴ ሞቶ፣ ወንድሞቹ የዋህነቱን አንሺልን ብለው ለመኗት። ስለ መጋዘኑ ስፋትና ስለ ልብሱ ማማር አልቅሳ ተቀመጠች፤ ስለ ጠባዩ አንዲት ቃል አልወጣትም። ለቀስተኛው ሁሉ ገባው። ወንድሞቹ እስካሁን ሰላምታ አይሰጧትም። ልብሱን የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ በበኩሌ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች እዚህ ሳሉግ እንላቸዋለን። ከእነሱ አንዱ እርሻ ላይ ሲሞት ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀበራል፤ አገሩ ሩቅ ነው፣ የቆላው ሙቀትም ሬሳ አያስቆይም። ጓደኞቹ ታዲያ ከልብሱ አንዱን ይዘው ወደ ከተማ ይመጡና አልጋ ላይ ዘርግተው ያለቅሱለታል። ውባንች ለእነሱ በነጻ ታወርዳለች። በግጥሙ ውስጥ የሟቹን ስም፣ አገሩንና አሟሟቱን ታስገባለች። ሠራተኞቹ ያንን በቃላቸው ይዘው፣ አጨዳው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ይወጣሉ፤ ቤተሰቡ ደጅ ሲደርሱም የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይሉታል። ስልክ ባለበት ዘመን ይሄ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። መሞቱን በስልክ መናገር ይቻል ይሆናል። እንዴት እንደሞተ ግን በስልክ ለእናትና ለአባት የሚናገር ደፋር እስካሁን አላየሁም።

ያለፈው ጥቅምት ላይ አዛናው የሚባል ሳሉግ፣ ከኋላው ጓደኞቹን አስከትሎ፣ አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ ይዞ ወደ በረንዳችን መጣ። ሸሚዙን ሳየው እጄ ከጨርቁ ላይ ቀረ። ክርኑ ላይ ያለውን ቡኒ እራፊ የጣፍኩት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ምናለ የሚባል የወሎ፣ የደላንታ ልጅ ነበር። ሰማያዊ ቁራጭ አጥቼ ቡኒ ብጥፍበት፣ "ግድ የለም አጎቴ፣ ሰሊጡ ቀለም አይመርጥም" ብሎኝ እየሳቀ ነበር የሄደው።

አዛናው ቆሞ ተናገረ። ምናለ የታጨደውን ሰሊጥ ለማሰር ጎንበስ ሲል እባብ ነደፈው። የእርሻው መኪና፣ ነጯ ፒክአፕ፣ እዚያው ነበረች። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ለባለእርሻው ደወለ። ባለእርሻው "ልጁ ይቆይ" አለ። መኪናዋም ሰሊጥ ሊገዙ የመጡ እንግዶችን ጭና ወደ ገንዳ ውሃ ሄደች።

"አብሽር፣ አሁን ትመለሳለች እያልን ጭንቅላቱን ደግፈን ቆየን" አለ አዛናው። "ስትመለስ ሬሳ ነው የጠበቃት። ይኸው ነው እናቴ። እሁድ ያልቅሱልን። ለይኩንንም ነፍሰ ገዳይ ብለው ያልቅሱልን።"

ባለእርሻው ለይኩን ነው። ይህን ስም ስትሰማ ውባንች የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች፤ ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ለይኩን ዛሬ ትልቅ ባለሀብት ነው፤ ዓይን እስኪደክም የሚያዩት እርሻ አለው። ወደዚህ አገር ሲመጣ ግን እሱም ራሱ ሳሉግ ነበር። የውባንች ባል ዋለ ትራክተር ነጂ ስለነበር አጠገቡ አስቀምጦ መንዳት ያስተማረው፣ ቤቱ ወስዶ ያበላው እሱ ነው። ልጁ በረታ፣ ከበረ። ዋለ ደግሞ፣ ያኔ ሱዳን ሰላም በነበረ ጊዜ፣ የትራክተር መለዋወጫ ሊገዛ ገዳርፍ እንደሄደ እዚያው ታሞ ሞተ። የሞተ ሰው ድንበር ማሻገር ቀላል አይደለም። ለይኩን በዚያችው ነጭ ፒክአፕ ራሱ ሄደ፤ ኬላው ላይ ሲለምን ሲጨቃጨቅ ሰንብቶ የዋለን ሬሳ አመጣላት። እዚህ በቤተ ክርስቲያን አስቀበረችው። ውባንች ይህን ሳታነሳ የምታልፍበት ሳምንት የለም። ልጇ ሃይሚም የምትሠራው በለይኩን መጋዘን ነው።

አዛናውን ቀና ብላ አየችው።

"ለይኩን ይቆይ ሲል በጆሮህ ሰምተሃል?"

"ካቦው ነው የነገረን።"

"እንግዲያው አልሰማህም።"

"እናቴ፣ ሰውየው ሞቷል እኮ።"

"መሞቱን አልካድኩም፤ ሸሚዙ ይኸው። የማለቅሰው ግን የሆነውን ነው። እሁድ እስኪደርስ አጣራለሁ።"

አዛናው ሸሚዙን አጣጥፎ ደረቱ ላይ ያዘው። "ከሱ ጋር ተስማምታችኋል ማለት ነው" አለ። "እርስዎም የሱ ነዎት።" ጓደኞቹን ይዞ ሄደ። ውባንች ብርጭቆዋን አንስታ ማጠብ ጀመረች። እኔ ግን ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ እንኳ በደንብ አላወቅሁትም።

በማግስቱ ወደ እርሻው በሚሄድ ትራክተር ተሳፍራ ካቦውን ልትጠይቅ ሄደች። አመሻሽ ላይ ስትመለስ ፊቷ አቧራ ለብሷል። ካቦው ስልኩን ራሱ እንደደወለ አምኗል፤ ከዚያ ያለፈውን ለይኩንን ጠይቂ ብሏታል።

መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ በሚቀጥለው ቀን ራሱ መጣ። መኪናዋን ከመንገዱ ማዶ አቁሞ፣ ሻይ ሳይጠይቅ ዱካ ላይ ተቀመጠ። እኔ የስፌት መኪናዬን መርገጥ አቆምኩ። ጨዋ ሰው ተነስቶ ይሄዳል፤ እኔ አልሄድኩም።

"እማ ውባንች፣ እንዴት ሰነበቱ?"

"እግዚሃር ይመስገን። አንተስ?"

"እንዴት እሆናለሁ? ልጁ ሞተብኝ።" ወደ ከሰሉ እያየ ቀጠለ። "እሁድ እርስዎ ነዎት አሉ የሚያወርዱት።"

"እኔ ነኝ።"

"ሠራተኛው ተቆጥቷል። ያልሆነ ነገር ከተባለ የታጨደው ሁሉ ይቃጠላል። ታሞ ሞተ ይበሉ፤ ወይ የእግዜር ቁጣ ነው ይበሉ። ግጥም እኮ ነው፤ ግጥም እንደፈለጉ የሚያደርጉት ነገር ነው።"

"እንደፈለግሁ ባደርገውማ ማን ያምነዋል?" አለችው። "ለዋለ ያለቀስኩትን ታስታውሳለህ? አንተን አንስቼ ነበር። ያን ጊዜ ሰው አምኖልኝ አይዶል ስምህ የተጠራ?"

ለይኩን አንገቱን ደፋ። ያን ሙሾ ይህ ከተማ በሙሉ ያውቀዋል፤ የሰው ሬሳ በራሱ መኪና የሚያመጣ ባለጸጋ እየተባለ የተመሰገነው በእሱ ነው።

"እንግዲያው ንገረኝ" አለችው። "ካቦው ሲደውል ምን አልክ?"

"እንግዶቹን አድርሳ ትመለስ አልኩ።"

"መነደፉን ነግሮህ ነበር?"

"ነግሮኛል። ግን እባብ የነደፈው ሁሉ አይሞትም፤ ስንቱ ድኗል። እንግዶቹ ደግሞ ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ ቸኩለዋል።"

"እንግዶቹ የተቀመጡት የት ነው?"

"ከፊት ነዋ፤ ጋቢናው ውስጥ።"

"ኋላውስ?"

በመንገዱ ላይ የሚያልፈውን የጭነት መኪና በዓይኑ ሸኘ።

"ኋላው ባዶ አልነበረም?" አለችው ደግማ።

"ባዶ ነበር" አለ ለይኩን። "እንግዶቹ የታመመ ሰው ጭነው እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። ይኸን ለካቦውም አልነገርኩትም። እማ ውባንች፣ ዋለን ያስቡልኝ።"

"ዋለንማ መቼ ረስቼው አውቃለሁ" አለችው። ድምጿ ተሰበረ። ለይኩን ይህን እንደ እሺታ ወስዶት መሰለኝ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ስሞ ሄደ።

እኔ ያን ቀን ለይኩንን ጠላሁት ብል ደስ ባለኝ፤ አልጠላሁትም። እዚያ ዱካ ላይ ሲቀመጥ ያኔ ከዋለ ኋላ ኋላ የሚከተለውን ከሲታ ልጅ አየሁበት። የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ሳሉግ የነበረ ሰው የሳሉግን ነፍስ ወረፋ ማስያዝ ከየት ተማረ? ዋለ ያስተማረው ይህን አልነበረም።

ሃይሚ ከመጋዘን ስትመጣ ነገሩን ሰምታ ነበር። ልጅቱ ቁጣዋን በለሆሳስ ነው የምትናገረው።

"እማዬ፣ ግጥሙን የምታወርጂው አንቺ ነሽ። ከሥራ የምባረረው እኔ ነኝ።"

"እውነትሽን ነው" አለች ውባንች።

"እውነትሽን ነው ካልሽ ለምን አትተይውም? ለሌላ ሰው ስጪያቸው። አላውቅም ማለት ይቻላል። ታምሜያለሁ ማለት ይቻላል።"

"ይቻላል።"

"ታዲያ?"

ውባንች ከሰሉን በውሃ አጠፋችው። "ደላንታ ያለ ሰው የልጁን አሟሟት የሚሰማው ከኔ አፍ ነው፤ ሌላ የለውም። ለይኩን ኋላው ባዶ መሆኑን እያወቀ እንደተወው ለኔ ብቻ ነው የነገረው። እኔ ዝም ካልኩ ያ ነገር እዚህ በረንዳ ላይ ይቀራል።" ሃይሚ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ እኔም ሰምቻለሁና። ዓይኔን ወደ ስፌቴ መለስኩ። የኔን ወሬ ማን ይሰማል፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደግሞም ፈርቼ ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳሉጎቹ በሚሰባሰቡበት ሜዳ ላይ ዳስ ተጣለ። የገመድ አልጋ መሀል ላይ ቆመ፤ ሰማያዊው ሸሚዝ እጅጌው ተዘርግቶ ተኛበት። ሸሚዙ ለብቻው ሲያዩት ትንሽ ነው። ምናለ ልጅ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ሰዉ ብዙ ነበር። ወጣቶቹ ዱላቸውን ይዘው ከዳሱ ዙሪያ ቆመዋል፤ አዛናው ከፊታቸው ነው። ለይኩንም መጣ። ሠራተኛው የሞተበት ባለእርሻ ከለቅሶ መቅረት አይችልም፤ ነውር ነው። ጋቢውን ደርቦ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ማንም አጠገቡ አልተቀመጠም።

ውባንች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተነሳች። ሙሾ አውራጅ ከጀመረች ማንም አያቋርጣትም፤ የተወቀሰም ቢሆን ግጥሙ እስኪያልቅ ይሰማል። ይህ በአገራችን ለደሃ የቀረች አንዲት ነጻነት ናት። በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ ለይኩንን ፊት ለፊት የሚናገረው የለም። ውባንች መጀመሪያ አገሩን ጠራች፦

ደላንታ ስትደርሱ ላባቱ ንገሩ፣
ምናለ ተኝቷል ከሰሊጡ ዳሩ።

ሴቶቹ ወየው እያሉ ተቀበሏት። የደላንታ ልጆች ሲንሰቀሰቁ ይሰማኛል። ከዚያ እንዴት እንደተነደፈ፣ ጓደኞቹ ጭንቅላቱን እንዴት ደግፈው እንደቆዩ አወረደች። አዛናው የሚጠብቃት ቃል ሳትመጣ ቀረች፤ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ሲያዛውር አየሁት። ለይኩን ትንፋሹ ሲመለስ ትከሻው ወረድ አለ። ውባንች ሁለቱንም አላየቻቸውም። ሸሚዙን በክርኑ በኩል፣ እራፊው ላይ ያዘችው። ደረቷን መታች፦

የሞተውን ዋለን ከገዳርፍ ያመጣ፣
በሕይወት ያለውን ለመጫን ምን አጣ?

ኋላው ባዶ ነበር፣ ፊቱን ሰው ሞልቶታል፣
ምናለን ከኋላው ማን ቦታ ነፍጎታል?

ወየው የሚል አልነበረም። ሴቶቹ መቀበሉን ረሱት። ሰዉ ሁሉ ያቺን መኪና ያውቃታል፤ ዋለን ያመጣችበትን ቀን ያየ ብዙ ነው። ውባንች ደገመችው፤ በሁለተኛው ላይ ድምጿ ተቆረጠ፤ ለባሏ ይሁን ለልጁ እያለቀሰች እንደሆነ አላወቅሁም፤ ሁለቱም ይመስለኛል። ያን ጊዜ ዳሱ አንድ ላይ ጮኸ።

ነፍሰ ገዳይ አላለችም። ቸርም አላለችም። ሰውየው ያደረገውን ሁለት ነገር ጎን ለጎን አቆመችው፤ ከዚያ ተቀመጠች።

ለይኩን ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበው። እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ተነሳ። ወጣቶቹ መንገድ ለቀቁለት። ዱላ ያነሳ የለም፤ ሰሊጡም አልተቃጠለም። አዛናው ወደ ውባንች መጥቶ እግሯ ስር ቁጭ አለና፣ "እኔ ከዚህ ያነሰ ነበር የለመንኩዎት" አላት። እሷም ራሱን ዳበሰችው።

በሳምንቱ የመጋዘኑ ኃላፊ ሃይሚን ነገ እንዳትመጪ አላት። ለይኩን ያዘዘው አይመስለኝም። ዝም ማለቱን ግን አውቃለሁ፤ ለባለ ሥልጣንም ለባለ ገንዘብም ዝም ማለት ቀላል ነው፤ ሌሎች ይሠሩለታል። ሃይሚ ልብሷን ቋጥራ አብደራፊ ሄደች፤ ለትራክተር ነጂዎች ምግብ የምታበስል ዘመድ አላት። እናቷን ስማ ነው የሄደችው፤ ግን አልደወለችም። ውባንች ስልኩን ከሻይ ማንቆርቆሪያው አጠገብ እያስቀመጠች ትውላለች። እኔ ሲጠራ እሰማልሻለሁ፣ ሌላ ቦታ አድርጊው፣ ውሃ ይፈስበታል ብላት አልሰማችኝም።

አንድ ቀን ጠራ። ሃይሚ ናት።

"እማዬ፣ እዚህም ይሉታል" አለቻት። "አጫጆቹ ኋላው ባዶ ነበር እያሉ ነው የሚውሉት። የማን እንደሆነ አያውቁም።"

"ምን አልሻቸው ታዲያ?"

"የናቴ ነው አልኳቸው።"

ውባንች ያን ቀን ሻይ በነጻ አጠጣችኝ። በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀው ነገር ነው።

አጨዳው አልቆ ሳሉጎቹ ወደየአገራቸው ወጡ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ቆይቶ፣ ጥር ላይ አንድ ሽማግሌ ከአውቶብስ ወርደው ሙሾ አውራጇን እያሉ ጠያይቀው መጡ። ዋሴ ይባላሉ፤ የምናለ አባት ናቸው። ከሰላምታ በፊት ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር አሉት። በወሎ ድምፅ ሲሰማ ሌላ ነው፤ ግን አንድ ቃል አልጎደለም።

"አንቺ ነሽ ያልሽው?" አሏት።

"እኔ ነኝ አባቴ።"

"ለማሳመር የጨመርሽው አለ?"

"የለም።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንዲያ ከሆነ መቃብሩን አሳዩኝ" አሉ።

እርሻው በእግር አይደረስም። ትራክተር ልለምንላቸው ጫማዬን ሳጠልቅ፣ ከለቅሶው ወዲህ በመንገዳችን አልፋ የማታውቀው ነጭ ፒክአፕ መጥታ በረንዳው ፊት ቆመች። ማን እንደነገረው አላውቅም። ለይኩን ወረደ። ከስቷል። ለውባንች አንገቱን ሰበረ፤ ለሽማግሌው ግን መሬት እስኪነካ ጎንበስ አለ። ከዚያ የጋቢናውን በር ከፈተ።

"ይግቡ አባቴ። እኔ አደርስዎታለሁ።"

አቶ ዋሴ አልተንቀሳቀሱም። መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አዩዋት።

"ይኸችው ናት መኪናዋ?"

"አዎ አባቴ። እሷው ናት።"

ሽማግሌው በተከፈተው በር በኩል አልፈው ወደ ኋላ ሄዱ። በትራቸውን ጫኑ። ጎማውን ረግጠው ሊወጡ ሲሞክሩ ጉልበታቸው እምቢ አለ፤ ለይኩን ሮጦ ደገፋቸው፤ እሳቸውም አልከለከሉትም። ወጥተው ባዶው ቆርቆሮ ላይ፣ ጀርባቸውን ወደ ነጂው አድርገው ተቀመጡ።

"አባቴ፣ እዚያ ፀሐይ ነው፣ አቧራ ነው" አለ ለይኩን። "ፊት ቦታ አለ።"

"ልጄ የተነፈገው ይኸንን ቦታ ነው" አሉት።

ውባንች የከሰሉን እሳት ለእኔ ትታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ለይኩን የጋቢናውን በር ዘጋ። ዞሮ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ፤ እንዳይንገጫገጩበት ብሎ ይመስለኛል፣ እስኪሰወሩብኝ ድረስ ቀስ እያለ ነዳ።